«የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት ዝም ያለችው ልጅ

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዱራሜ ልጅ ነኝ። ደቡብ አፍሪካ ከገባሁ 16 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ጆሃንስበርግ ነበርኩ፤ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ሎኬሽን፣ የጥቁሮቹን ሰፈር፣ እየዞርኩ እሸጥ ነበር። አሁን ሉሲኪሲኪ አጠገብ ገጠር ውስጥ ታክሾፕ፣ ትንሽ ሱቅ፣ አለኝ። ባለቤቴ የአገሩ ሰው ናት፣ ምፖንዶ። አንድ የ13 ዓመት ወንድና አንዲት የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። እርስ በርሳችን ደህና ነን፤ ችግሬ አማቴ ናቸው። ሴቷ ልጄ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሌሊት እየባነነች ትጮሃለች፣ ትታው የነበረውን ፍራሽ ማርጠብም እንደገና ጀምራለች። አማቴ «ኢምቤሌኮ ስላልተደረገላት ነው፤ አያቶቿ አያውቋትም፤ እኔ ግቢ ፍየል ይታረድላት» አሉ። እኔ ጌታን የማመልክ ሰው ነኝ። ልጄን ለሙታን መንፈስ አላስረክብም ብዬ እምቢ አልኩ። ሚስቴ አኩርፋ እናቷ ዘንድ ሦስት ቀን ከርማ ተመለሰች። በዚህ ላይ ወንዱ ከጓደኞቹ ጋር «ጫካ ገብቼ ወንድ እሆናለሁ» ይለኛል፤ በሕፃንነቱ ክሊኒክ ወስጄ አስገርዤዋለሁኮ። ሴቷም ትምህርት ቤት የጎሳ ስም ጥሩ ሲባሉ ዝም ብላ ተስቆባት መጣች። የሎቦላውን፣ የጥሎሹን፣ ግማሽ ከፍያለሁ፤ ሱቄ ከተዘረፈ ወዲህ ግን ቀሪውን አልቻልኩም። ልጆቼን ይዤ ወደ ጆሃንስበርግ ልመለስ? ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባው አባት

መልስ

ወንድሜ፣ ታላቅህ ሳልሆን አልቀርምና «አንተ» ልበልህ። ደብዳቤህ ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር በለኝ። ከቆረጥኩት አብዛኛው ስለ ፍየሏ ነበር። ፍየሏን፣ ደሟን፣ አማትህ የሚያጨሱትን ቅጠል በዝርዝር ጽፈህልኛል። ስለ ትምህርት ቤቱ ግን የጻፍከው እዚህ የሚነበበውን ያህል ብቻ ነው፣ አንዲት መስመር። እኔ ደብዳቤውን አስቀምጬ ቡናዬን እስክረሳ ድረስ የቆየሁት እዚያች መስመር ላይ ነው።

እኔም ኡምታታ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አልጋ ልብስና መጋረጃ በዱቤ እያከፋፈልኩ። ስለዚህ ያን ክፍል በዓይነ ሕሊናዬ አየዋለሁ። ልጆቹ ተራ በተራ ይነሳሉ። አንዱ «እኔ ንያዉዛ ነኝ» ይልና ከዚያ በኋላ የአባቶቹን የሙገሳ ስም እንደ ፉከራ ያወርደዋል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ትንፋሹ እስኪያጥረው ሲደረድር ታያለህ፣ መምህሯ ታጨበጭባለች። ከዚያ ያንተ ልጅ ተራ ደረሰ።

ይህ ኢሲዱኮ የሚሉት የጎሳ ስም አንተ እንደመሰለህ ተራ መጠሪያ አይደለም። መታወቂያ ላይ የሚጻፈው ስም ሌላ፣ ኢሲዱኮ ሌላ ነው። እኛ ማንዴላን «ማዲባ» ስንል የቁልምጫ ስም ይመስለናል፤ የጎሳ ስማቸው ነው፣ ሰዉ በዚያ የሚጠራቸው ሊያከብራቸው ነበር። ሚስታቸው የነበረችው ዊኒ የዚያው ያንተ አካባቢ ልጅ ናት፤ ከሉሲኪሲኪ እምብዛም በማይርቀው ምቢዛና ነው የተወለደችው፣ የትግል ጓዳቸው ኦሊቨር ታምቦም እንደዚሁ። ማንዴላ ከእስር ቤት ሲጽፉላት «ንጉትያና» እያሉ በጎሳዋ ስም ይጠሯት ነበር። ባልና ሚስት እንኳ በፍቅር ደብዳቤ በጎሳ ስም የሚጠራሩበት አገር ነው የገባኸው። አንድ ኢሲዱኮ ያላቸው ሁለት ሰዎች አይጋቡም፣ ደማቸው አንድ ነው ይባላል። ሴት ስታገባም የአባቷን ጎሳ አትጥልም፤ የባሏ ቤተሰቦች ራሳቸው «ማ» ብለው የአባቷን ጎሳ ከፊቱ እየቀጠሉ ይጠሯታል። ሰው ሲገናኝም፣ ሲለቀስለትም፣ ሲመሰገንም በዚሁ ነው። እንግዲህ ልጅህ ዝም ስትል ጓደኞቿ የሰሙት «አላውቅም» ሳይሆን «የማንም አይደለሁም» ነው።

አማትህ ይህን ወሬ ሳይሰሙ የቀሩ ይመስልሃል? ትምህርት ቤቱ መንደራቸው ነው። እኔ የምጠረጥረው የፍየሉ ነገር ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደጠነከረ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ቀኑን አስልተህ ጻፍልኝ።

አሁን ስለ ፍየሏ እንነጋገር። «ኢምቤሌኮ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሚስትህን ጠይቀሃት ታውቃለህ? ቃሉ የመጣው ልጅ ጀርባ ላይ ማዘል ከሚለው ነው። ድሮ የፍየሏ ቆዳ ይለፋና ሕፃኑ ይታዘልበት ነበር። በእኛ ቋንቋ ጥርት ያለ ስም አለው፤ አንቀልባ። እናትህ አንተን ያዘለችበት ምናልባት እስከዛሬ ዱራሜ ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ይሆናል። አማትህ የጠየቁህ በቃሉ ትርጉም «ለልጅቷ አንቀልባ ይዘጋጅላት» ነው።

አዎ፣ ነገሩ በአንቀልባ አያበቃም፤ አላታልልህም። ፍየሏ ከበረቱ ዘንድ ትታረዳለች። የቤቱ ሽማግሌ የጎሳውን ስም እየጠራ «ይህች ልጃችሁ ናት፣ እወቋት፣ ጠብቋት» ይላል። ፍየሏ ስትጮህ አባቶች ሰምተዋል ይባላል፤ ካልጮኸች ሰዉ ፊቱን ያጠቁራል። ከቀኝ እግሯ በኩል የሚወጣው ኢንጾኛማ የሚባለው ሥጋ ጨው ሳይነካው በፍም ይጠበስና ሥርዓቱ የሚደረግለት ሰው ቀድሞ ይቀምሰዋል። ከዚያ ቡልቅ ያለ ኡምቆምቦቲ ይዞራል፣ እሱ እንኳ የእኛው ጠላ ነው፣ መልኩ ብቻ ነጣ ይላል። በድሮው ልማድ ይህ የሚደረገው ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ነው። ዛሬ ግን ገንዘብ እስኪገኝ ይቆያል፤ ልጆች ወልዶ፣ ሽበት አብቅሎ የሚያስደርግም ሰው አይቻለሁ። ስለዚህ «ዛሬ ካልሆነ» ብሎ የሚያጣድፍህ ቢኖር የሥርዓቱ ሕግ እንደዚያ አይልም።

ነገር ግን አንተ ያላየኸው ነገር አለ። ኢምቤሌኮ በደንቡ የሚደረገው በአባት ቤት ነው፣ በአባት ወገን፣ በአባት ጎሳ ስም። አማትህ «እኔ ግቢ» ማለታቸውን አንተ እንደ ማን አለብኝነት ወስደኸዋል። ሴትየዋ በእናት ወገን የሚያደርጉት የአባት ወገን ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም የሎቦላው ከብት ሳይሞላ ሲቀር ነው። ያኔ ልጅቷ የእናቷን አባት ጎሳ ትይዛለች። እንግዲህ አማትህ ያሉህ ነገር ሲተረጎም «የዚህች ልጅ የአባት ወገን ሰባት ዓመት ጠበቅን፣ አልመጣም፤ ሜዳ ላይ ከምትቀር እኛ እንውሰዳት» ነው። ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። ግን ልጅን ከመስጠም ለማውጣት እጁን የዘረጋ ሰው ልጁን ሊነጥቅህ ነው አይባልም።

ሎቦላውን በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ ሱቅ ዕዳ፣ አስገብተህ አለፍከው። ምፖንዶ ቤት ከብት ሴት መግዣ አይደለም፤ የሁለት ቤት መተሳሰሪያ ነው። ሱቅህ መዘረፉን እነሱም አይተዋል፤ የሌለህን ከሰማይ አውርድ የሚልህ የለም። ያልተቀበሉህ ዝምታህን ነው። ሄደህ «ይህን ያህል ቀርቶብኛል፣ እንዲህ ሆኜ ነው፣ እስከዚህ ጊዜ ታገሱኝ» ብለሃል? እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ትልክ ነበር። እዚያም እንደዚያው ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያል። አማች ራሱ ሄዶ አይከራከርም፣ ሰው ይልካል። ኡምታታም ይሁን ሉሲኪሲኪ ከከረሙት ሐበሾች ሁለት የተከበሩ ሰዎችና አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ የመንደሩ ሰው ፈልግ። ሲገቡ «አፍ መክፈቻ» የሚባል ነገር ይጠየቃሉ፤ በልማድ ጠርሙስ ብራንዲ ነው። አንተ ጴንጤ ነህ፣ ብራንዲ ገዝተህ አትልክም፤ ተመጣጣኙን በገንዘብ ስጡ ብትላቸው እዚያ አገር ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ የለም። ግማሹ መንደር ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው።

ይህን የምልህ በዋዛ አይደለም። ሚስዮናውያን ወደ ምፖንዶዎቹ ንጉሥ ፋኩ አገር የገቡት ቀደም ብለው ነው፣ ቡንቲንግቪል የሜቶዲስቶች ጣቢያ የተመሠረተው በ1830 ነው። ስለዚህ አማትህን «አረማዊ» ብለህ ከማሰብህ በፊት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንገዱን እይ። ቀይ ሸሚዝ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ኮፍያ አድርገው ወደ ጸሎት የሚሄዱት የሜቶዲስት እናቶች ናቸው። ሐሙስ በዚያ ልብስ የምትጸልየው ሴትዮ ቅዳሜ ለልጅ ልጇ ፍየል ታሳርዳለች፤ ብትጠይቃት ደግሞ «የምንሰግደው ለእግዚአብሔር ነው፣ አባቶቻችንን ግን አንረሳም» ትልሃለች። አንተ ይህ አይዋጥልህም፣ ያንተ እምነት ነው፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ለይልኝ፤ የማይሆንልህ የቱ ነው? የፍየሉ መታረድ ነው፣ ልጅህን ሰው ሰብስቦ «የእኛ ናት» ማለቱ ነው፣ የተጠበሰውን ሥጋ መብላቱ ነው፣ ወይስ ከሞቱ ሰዎች ጋር የሚደረገው ንግግር? አራቱን አንድ ላይ ጠቅልለህ «ጣዖት» ስትል ሚስትህ የምትሰማው «ዘርሽ ሁሉ ርኩስ ነው» ነው። አራተኛው ብቻ ከሆነ የከለከለህ ያንን በክብር መናገር ይቻላል፦ «እኔ ለልጄ በፈጣሪ ስም እጸልያለሁ፤ የእናንተን አባቶች ስም ስትጠሩ ቆሜ እሰማለሁ፣ አልሳደብም፣ አልሳተፍም።» እንዲህ ተደርጎ ሰላም የወረደበት ቤት አውቃለሁ። አልተዋጠልህም? ያንንም ተናገር፤ ግን ከ«እምቢ» ጋር ሌላ የምትሰጠው ነገር ይዘህ።

እኔ ራሴ በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ ነኝ። ኡምታታ ሳለሁ ጎረቤቴ ለልጅ ልጇ ኢምቤሌኮ አድርጋ ጠራችኝ፤ የቤተኛ ቦታ፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ። ሥጋውን በሳህን ስታቀርብልኝ «ጾም ላይ ነኝ» አልኳት። የጾም ወራት አልነበረም፣ ዕለቱም ቅዳሜ ነበር። እኔ ማርያምን የምል ሴትዮ በማያውቁት አገር ጾም ፈጥሬ ዋሸሁ! ጎረቤቴ ምንም አላለችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሱቄ መጥታ ዶሮዬን በሹካ ስቆራርጥ አየችኝና «ማማ፣ ጾሙ አለቀ?» አለችኝ። ቀንም ረቡዕ ነበር። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል። «እምነቴ ሌላው ያረደውን አይፈቅድልኝም፣ ደስታሽን ግን ልካፈል መጥቻለሁ» ብላት ትቀበለኝ ነበር። የሰደባት ሥጋ አለመብላቴ አልነበረም።

ወደ ልጅቷ ሌሊት ልመለስ፤ እዚህ ላይ ከአማትህም ካንተም ጋር አልስማማም። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ» ብለሃል። «ሱቄ ከተዘረፈ ወዲህ» ብለሃል። ሱቁ የተዘረፈ ጊዜ ልጅቷ የት ነበረች? ታክሾፖቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከኋላቸው መኝታ ክፍል እንዳላቸው አውቃለሁ። ሽንት መቆጣጠር ጀምራ የነበረች ልጅ እንደገና ስታረጥብ መጀመሪያ ክሊኒክ ትወሰዳለች፤ የሽንት ኢንፌክሽንና ስኳር ይታይላት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፍርሃት። ቁጭ ብለህ «ሌሊት የምታዪው ምንድን ነው?» በላት። «ቲኮሎሼ» ካለችህ አትሳቅ፤ ከወንዝ የሚወጣ ድንክ ፍጡር ነው ይላሉ፣ በእሱ ፍርሃት አልጋቸውን በጡብ ከፍ ያደረጉ ቤቶች በአካባቢህ ሳታይ አልቀረህም። እኛም ልጆች ሆነን የቡዳ ወሬ እየሰማን ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ቀስቅሰናል። «ጭምብል ያደረጉ ሰዎች» ካለችህ ግን ወሬው ሌላ ነው፣ ፍየልም ጸሎትም ብቻውን አይበቃም፤ የልጅ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤቱ አማካሪ ያናግራት፣ አንተም ማታ ማታ አጠገቧ ተኛ።

አሁን ስለ ወንዱ። እስካሁን ተደራደር፣ ለዝብ፣ ሰው ላክ ስልህ ነበር፤ እዚህ ላይ ያ ሁሉ የለም።

የዚህን ነገር ታሪክ ማወቅ ይጠቅምሃል። ጎረቤቶቻቸው ሌሎቹ ኮሳዎች ልጆቻቸውን ወደ ጫካ ሲያስገቡ ምፖንዶዎች ከንጉሥ ፋኩ ዘመን፣ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ጀምሮ፣ ግርዛቱን ትተውት ኖረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሳይገረዝ የኖረ፣ በከብት ጥሎሽ ሚስት ያገባ፣ በ1960 በንግኩዛ ኮረብታ በፖሊስ ጥይት ፊት የቆመ ሕዝብ ነው፤ ወንድ አይደለም የሚለው ማን ነው? ልማዱ የተመለሰው በቅርብ አሥርት ዓመታት፣ ይበልጡኑ በወጣቶች ግፊት ነው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ሌላው ጋ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ እጅና ጥበቃ አለ፤ እዚያ አካባቢ ያ ሰንሰለት ተበጥሶ ስለነበር ክፍተቱን ፈቃድ የሌላቸው፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ገና ጎረምሳ የሆኑ ሰዎች ሞሉት። በየዓመቱ በሰኔና በታኅሣሥ የዕረፍት ወራት ከምሥራቅ ምፖንዶላንድ የሚመጣውን የሞት ዜና አንተም በሬዲዮ ትሰማለህ። ውኃ ይከለከላሉ፣ ቁስሉ በጣም ጠብቆ ይታሰራል፣ ያመረቅዛል። የተረፉትም አካላቸውን ያጡ አሉ።

በ2021 የወጣው የደቡብ አፍሪካ የሥርዓቱ ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የሐኪም ምርመራና የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ልጅህ 13 ነው። ስለዚህ መልሱ አይሆንም ነው፣ ክርክር የለውም። ግን «አይሆንም» ብሎ መተኛት ደግሞ አይበቃም፤ ልጆቹ ወላጅ ሳያውቅ በሌሊት ተጠራርተው ነው የሚጠፉት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዓይንህ ከእሱ አይለይ። የሚስትህን ወንድም፣ ማለትም ማሉሜውን፣ አጋርህ አድርገው፤ እዚያ አገር የእናት ወንድም የሚናገረው ያንተን ያህል፣ አንዳንዴም ከአንተ በላይ ይሰማል። ያልተገረዘ ትውልድ ከሆኑት ሽማግሌዎች አንዱ ለልጁ ያጫውተው፤ አያቱ በሕይወት ካሉ ከሁሉ ይሻላል። አንተም «ተገርዘህ የለም እንዴ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ሊቆርጡልህ ነው?» ብለህ አትቀልድበት፤ እኔም ስጽፍ ፈገግ ብያለሁ፣ ግን አትበል። ልጁ የሚፈልገው ቢላዋ አይደለም። እኩዮቹ የሚገቡበት በር አለ፣ እሱን በሩ ላይ «የውጭ ሰው ልጅ» እያሉ ያቆሙታል። እህቱ በክፍሏ የገጠማት ነው እሱንም ጫካው አፍ ላይ የገጠመው።

እዚህ ላይ ነው አንተን የምወቅስህ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆችህን ከእናታቸው ወገን ስትከላከል ኖረህ ያንተን ወገን ግን አላስረከብካቸውም። እናንተ ከምባታዎች ጎሳ የላችሁም? አያት፣ ቅድመ አያት አትቆጥሩም? ኢሲዱኮ ያላት ልጅ አባቶቿን ትደረድራለች፤ ያንተም ልጅ መደርደር ትችላለች፣ ያስተማራት የለም እንጂ። ደግሞ አስበው፤ በደቡብ አፍሪካ ወረቀት ላይ «ሰርኔም» ተብሎ የተጻፈው እንደ ልማዳችን የአባትህ ስም መሆኑ አይቀርም። ልጅቷ በየቀኑ በደብተሯ ላይ የምትጽፈው የአያቷን ስም ነው፣ ሰውዬው ማን እንደነበር ግን ነግረሃታል? ገበሬ ነበር? ፈረስ ይወድ ነበር? እንሰት ሲፈቅ እጁ ፈጣን ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል። ሚስትህ ያንን ስም ጮክ ብላ ስትጠራ ሰምተህ ታውቃለህ? እዚያ አገር ህሎኒፓ የሚሉት ልማድ አለ፤ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ከስሙ ጋር የሚመሳሰል ቃል እንኳ ሌላ ቃል ትተካለታለች። ምናልባት ሚስትህ አንድም ቀን አይታው ለማታውቀው ለአባትህ ይህን ክብር እየሰጠች፣ አንተ ደግሞ የአማርኛም የእንግሊዝኛም ችግር መስሎህ ይሆናል። ልማዱ ለአንተ አዲስ መሆን አልነበረበትም። የከምባታ እናቶች ባሊሻ የሚሉት ምንድን ነው? ያገባች ሴት የአማቾቿን ስም፣ በዚያ ስም መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ሸሽታ በሌላ ቃል ስትናገር አያትህን ሰምተሃት የለም? ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚራራቁ ሁለት ሕዝቦች አንዱን ጨዋነት ይጫወቱታል፤ ይህን ለአማትህ አንድ ቀን ንገራቸው። እሳቸው የሚፈሩት ቤት የሌለው፣ ሥርዓት የማያውቅ ሰው ልጃቸውን አግብቶ እንዳይሆን ነው። «የእናቴ አገር ሴቶችም እንደናንተ ናቸው» ብትላቸው ፍየሏን ከማረድ የበለጠ ልባቸው ይርሳል።

ስለዚህ የማደርገው እኔ ብሆን ይህ ነው። መጀመሪያ ክሊኒኩ፣ በዚህ ሳምንት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ስለ ቀሪው ከብት፤ ቀኑንና መጠኑን ቆርጠህ። ከሽማግሌዎቹ ጋር አንድ ጥያቄ ላክ፦ «ለልጄ የሚደረገውን በእኔ ቤት፣ በእኔ ወገን ስም ላድርገው?» ይህን የጠየቀ አባት እዚያ አገር አባት ነው። ከፈቀዱልህ በራስህ ግቢ ፍየል ታርዳለህ፤ የምትጸልየው አንተ ነህ፣ ጎሳህን የምትጠራው አንተ ነህ፣ ሙታንን የምታናግርበት ምክንያት የለም፣ ምክንያቱም የቤቱ ባለቤት አንተ ነህ። ኢንጾኛማውን ልጅቷ ትብላ፣ ጥብስ ነው። የአማትህ ወገን በእንግድነት ይመጣል። እኔ የማየው ከሁሉ ንጹሕ መውጫ ይህ ነው፤ ለፓስተርህም ብታስረዳው አንገቱን የሚነቀንቅበት ብዙ ነገር አይቀረውም። ካልፈቀዱልህ፣ ከብቱ እስኪሞላ በእኛ ቤት ይሁን ካሉ፣ ከላይ እንዳልኩህ ቆመህ መስማት አለ፣ ወይም በሰላም እንዲዘገይ መጠየቅ አለ፤ ሥርዓቱ ቀን የለውም ብዬሃለሁ።

ጆሃንስበርግን ተወው። ልጆችህ በምፖንዶኛ የሚያልሙ ልጆች ናቸው። ማታ ማኩሉ፣ ማለትም አያታቸው፣ ዘንድ እሳት ዳር ተረት የሚሰሙ፣ ተረት በቀን ከተወራ ቀንድ ያበቅላል ተብለው የሚፈሩ ልጆች ናቸው። እኛ «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» እንላለን አይደል? የእነሱም የሁሉ ነገር መጀመሪያ በረቱ ነው። ጂፒ ጎዳና ላይ ካለ ፎቅ ውስጥ በምን በረት ልታሳድጋቸው ነው? ችግሩ እንደሆነ ተከትሎህ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ሲደርስ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚላት አይጠፋም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። እዚያ አገር የአባት እህት፣ ዳዶባዎ የሚሏት፣ በልጅ ጉዳይ ትልቅ ቦታ አላት፤ በእንዲህ ያለ ቀን የሷ ወንበር ባዶ ከሆነ ሁሉም ያየዋል። ዱራሜ እህት አለችህ? ካለች በዚያን ቀን በቪዲዮ ደውልላት፣ ስልኩን ለአማትህ ስጣቸውና አንተ ወደ ፍየሏ ሂድ። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አትጨነቅ፤ እህትህ እልል ካለች አማትህ ምን እንደሚመልሱ ያውቃሉ።